ቀይዋ ዕጢ ትቆረጥ ወይስ ትሰፋ?

ሰሞኑን አንድ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። የሰባት ወር ቡልዶግ ነው። በግራ ዓይኑ ጥግ፣ በአፍንጫው በኩል፣ የበሰለች ቀይ ቡና የመሰለች ነገር ብቅ ብላለች። «ዶክተር፣ ባለቤቱ አሁኑኑ ትቆረጥልኝ ይላል። ሌላ ቦታ በአሥር ደቂቃ ቆርጠን እንጥልልሃለን ብለውታል። ልቁረጣት?» ይላል መልእክቱ።

«አትቁረጥ» ብዬ መለስኩለት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ አንዲት ሴትና አንድ ውሻ ትዝ እያሉኝ አደርኩ። ስለዚህ ለእሱም ለጓደኞቹም ረዘም አድርጌ ልጻፍ አልኩ።

ቼሪ አይ የምንለው ይህ ነው። ውሻ ሦስተኛ የዓይን ቆብ አለው፤ ከሥሩ እንባ የምታመነጭ ዕጢ አለች። አጥብቆ የያዛት ሥጋ ሲላላ ዕጢዋ ተገልብጣ ትወጣለች። ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ውሾች ላይ ነው የሚታየው፤ ቡልዶግ፣ ኮከር ስፓንየል፣ ቢግል፣ ላሳ አፕሶና ማስቲፍ ላይ ይበዛል። ከዓይኑ እንባ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነው ከእሷ ይመጣል።

እኛ ደብረ ዘይት ስንማር ትምህርቱ ሁሉ ከብት ነበር። ትልቁ ጠላታችን ከብት የሚፈጀው የደስታ በሽታ (ሪንደርፔስት) ነበር፤ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ይዘን በበቅሎ ያልወጣነው ዳገት አልነበረም። ዓለም ከዚያ በሽታ መገላገሏ በ2011 እ.ኤ.አ. ሲታወጅ እንባዬን መግታት አልቻልኩም። ስለ ውሻ የምናውቀው በአብዛኛው የእብድ ውሻ በሽታን ነበር። የውሻ ዓይን ማን ነግሮን!

በጀማሪነቴ በሠራሁበት ክሊኒክ አንድ የውጭ አገር ቤተሰብ ቡናማ ኮከር ስፓንየል ቡችላ አመጣ። ቀይዋ ዕጢ በቀኝ ዓይኑ ወጥታለች። አለቃዬ በዘመኑ ደንብ ቆረጧት፤ እኔ ጭንቅላቱን ያዝኩ። ያን ጊዜ በብዙ አገር እንዲሁ ነበር የሚደረገው። ደሙ ጥቂት ነበር፣ ዓይኑም ወዲያው አማረ። እመቤቲቱ አመስግነው ሄዱ። ቡችላውን በቅርጫት ተሸክመው ያመጡት የቤቱ ወጥ ሠሪ በር አጠገብ ቆመው ነበር፤ ማንም አላናገራቸውም።

በ1983 ዓ.ም. ከተማዋ በጭንቅ ላይ ሳለች ቤተሰቡ አገሩ ገባ። ውሻው ለወጥ ሠሪዋ ተረፈ። ሽሮ ሜዳ ቤታቸው ወሰዱት፤ የፈረንጅ ስሙንም ትተው ቡኒ አሉት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በነጠላ ጠቅልለው ይዘውት መጡ። ቀኝ ዓይኑ በወፍራም ዓይናር ተለጥፏል። ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጥጥ አለስልሼ ስከፍተው ኮርኒያው፣ ማለትም መስታወት የመሰለው የዓይኑ የፊት ሽፋን፣ ማብረቅረቁን ትቷል፤ ደብዝዟል፣ ከዳሩ ጀምሮም ጥቁር ቀለም ወጥቶበታል። የእንባ መለኪያው የሺርመር ወረቀት አልነበረንም። ከላቦራቶሪ የማጣሪያ ወረቀት ወስጄ በቀጭኑ ቆረጥኩና ጫፉን አጥፌ ከታችኛው ቆብ ሥር ሰካሁት። በደህናው ዓይን ወረቀቱ እያየነው እየራሰ ወረደ። በታመመው አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆይቶ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ በቅጡ አልራሰም። የጤነኛ ውሻ እንባ በደቂቃ 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ያርሳል፤ ከ10 ከወረደ ዓይኑ እየደረቀ ነው።

ሳይክሎስፖሪን የሚባለው መድኃኒት ለደረቀ የውሻ ዓይን መዋል የጀመረው ውጭ አገር ነበር፤ እዚህ ከየት ይመጣል? ሌላው መንገድ የምራቅን ቱቦ ከጉንጭ አዙሮ ዓይን ሥር መስፋት ነው፤ ውሻው ምግብ ሲያይ ዓይኑ ይረጥባል። በመጽሐፍ አይቼው ነበር፤ የሚያሠራ መሣሪያም የሚያሳይ ሰውም አልነበረም። የቀረን ለትራኮማ የሚታደለው 1 ፐርሰንት የቴትራሳይክሊን ቅባትና ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ነበር።

እሳቸው አልሰለቹም። ጧት ሥራ ሳይገቡ፣ ማታ ሲመለሱ፣ ሌሊትም ተነስተው ያጥቡታል። ዓይኑ ግን ጠፋ። አንድ ቀን ቅባቱን እየተቀበሉኝ «ዶክተር፣ ያኔ ሲቆረጥ እንዲህ እንደሚሆን ይታወቅ ነበር?» አሉኝ። «የሚያውቁ ነበሩ፣ እትዬ» አልኳቸው። «ታዲያ እኔ እዚያው ቆሜ አልነበር?» አሉ።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ለቆረጣው እሺ ያሉት አገራቸው ገብተዋል፤ ዓይኑን ዕድሜ ልኩን ያጠቡት እሺ በሉ ያልተባሉት ናቸው። ስለዚህ ልጆቼ፣ ከመወሰናችሁ በፊት «ጠብታውን የሚያደርግለት ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ዘበኛው ከሆነ ዘበኛውን አስገቡት። ልጅቷ ከሆነች እሷን አስገቧት። ሁሉንም አስረድታችሁ እነሱ እንዲወስኑ አድርጉ።

እናንተ ከእኛ የተሻለ ዕድል አላችሁ። ዕጢዋን ወደ ኪሷ መልሶ መስፋትን በቪዲዮ ብቻ አይታችሁ እጃችሁ የሚታዘዝላችሁ አሉ፤ አደንቃችኋለሁ። የማይገባኝ ችኮላችሁ ነው። በቀን ስንት ታካሚ አየሁ ትላላችሁ እንጂ አንዱን ዓይን አንድ ደቂቃ ቁጭ ብሎ መለካት ይከብዳችኋል። ለፎቶ ብለው ቡልዶግ የሚገዙት እኩዮቻችሁም እንደዚሁ ናቸው፤ ለውሻው ያወጡትን ገንዘብ ያህል ለዓይኑ ሲጠየቁ ይቆጣሉ።

ስትሰፉ በዕጢዋ ግራና ቀኝ በጥንቃቄ ሰንጥቁ፤ በሚሟሟ ቀጭን ክር ሸፍኗት፤ ቋጠሮው ኮርኒያውን እንዳይፍቅ ከቆቡ ውጭ በኩል ይሁን። እንባው መውጫ እንዲያገኝ ሁለቱንም ጫፍ ጥቂት ክፍት ተዉ፤ ከተደፈነ ውሃ ይቋጥራል። ኮርኒያው ቁስል ይኑረው አይኑረው በፍሎረሰሲን ቀለም ሳታዩ ዴክሳሜታዞን የሚባለው ስቴሮይድ ያለበትን ጠብታ አታዝዙ። ይህ ጠብታ የስንቱን ዓይን እንደበሳ አይቻለሁ።

ባለቤቱ ይወስን ብያለሁ፤ ነገር ግን «ቁረጥልኝ» ካለህ እሺ አትበለው። ሌላ ቦታ ይሂድ። የምትቆረጥበት ጊዜም አለ፤ ባረጀ ውሻ ላይ እዚያው ቦታ የሚወጣ ቀይ እብጠት ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ናሙና ወስዶ መመርመር ግድ ነው።

ለጠየቅከኝ ልጅ፦ የሁለቱንም ዓይን እንባ ለካ፤ ደህናው ዓይንም ወደፊት ሊወጣበት ይችላል። እስከ ቀዶ ሕክምናው ቀን ዕጢዋ እንዳትደርቅ ቅባት ይቀባላት። አፍንጫው አጭር ስለሆነ ማደንዘዣው ላይ ጠንቀቅ በል፤ የመተንፈሻ ቱቦ ሳታስገባ አትጀምር። በእግሩ እንዳያክከው የአንገት መከላከያ አድርግለት። ቡልዶግ ላይ ስፌቱ ተፈትቶ እንደገና ልትወጣ ትችላለች፤ ያኔ ድጋሚ ትሰፋለች። ይህንንም ዋጋውንም ዛሬውኑ ንገራቸው።