ከሰማይ የወረደው እሳት የሞት ምልክት ነውን?

ጥያቄ፦ ሌሊት ለጸሎት ተነሥቼ ወደ ደጅ ስወጣ ከጨረቃ ይልቅ የሚያበራ እሳት ሰማዩን ሰንጥቆ ሲያልፍ አየሁ። ጥላዬ መሬት ላይ ዞረ። እሳቱ ተሰባብሮ ጠፋ፤ ቆየት ብሎም ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ደንግጬ ተንበረከክሁ፤ ጾምም ተሳልሁ። አንዱ «በቤትህ ሞት አለ» ይለኛል፤ ሌላው የዓለም ፍጻሜ ነው ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ «በቤትህ ሞት አለ» ያለዎትን ሰው ከቶ አይስሙት። ነቢዩ ኤርምያስ «ከሰማይ ምልክትም አትፍሩ፥ አሕዛብ ይፈሩታልና» ይላል (ኤር. 10፥2)። ሰማይ አይቶ በሰው ላይ ሞት መናገር ሟርት ነው፤ ሟርትን ደግሞ መጽሐፍ አጥብቆ ይከለክላል (ዘዳ. 18፥10)። እንዲህ ያለ ቃል ስንቱን ቤት እንቅልፍ እንደሚነሳ የሚያውቅ ሰው አፉን በጠበቀ ነበር።

ተወርዋሪ ኮከብ ብንለውም ያዩት ኮከብ አይደለም፤ ከህዋ የመጣ ድንጋይ ነው። በሰከንድ ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ እየተወረወረ ወደ ከባቢ አየር ሲገባ ከፊቱ ያለው አየር ተጨምቆ እጅግ ይግላል፤ ድንጋዩም እየቀለጠ ያበራል። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታልና በ30 ኪሎ ሜትር ከፍታ የፈነዳው ነጎድጓድ የሚሰማው ከደቂቃ ተኩል በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በሩሲያ ቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ 20 ሜትር ገደማ የሚሆን ድንጋይ ሲፈነዳ ከ1,000 በላይ ሰዎች ተጎድተዋል። ብዙዎቹን ያቆሰላቸው ዘግይቶ የደረሰው የአየር ግፊት የሰባበረው የመስኮት መስታወት ነው። (ስለዚህ እንዲህ ያለ ብርሃን ሲያዩ ወደ መስኮት አይሩጡ።) እነዚያ ሰዎች ከሌላው ይልቅ በደለኞች ነበሩን? ጌታችን የሰሊሆም ግንብ ስለገደላቸው 18 ሰዎች ሲናገር «አይደለም» ብሏል፤ ንስሐ መግባትን ግን ለሁላችንም አዟል (ሉቃ. 13፥4-5)።

ስለ ፍጻሜው፣ ወንጌል የከዋክብትን መውደቅ የሚነግረን ከፀሐይ መጨለምና ከጨረቃ ብርሃን መንሳት ጋር ነው (ማቴ. 24፥29)። ቀኒቱንም ከአብ በቀር የሚያውቅ የለም (24፥36)።

መንበርከክዎ መልካም ነው፤ ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር ይናገራሉና (መዝ. 18፥1)። የተሳሉትን ጾም ግን በራስዎ አይጀምሩት፤ አይተዉትም። ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ። ጹም ካሉዎት፣ ሞትን ለመመለስ ሳይሆን እንዲህ ያለውን የእጁን ሥራ ስላሳየዎ በምስጋና ይጹሙት።