ልቧ ጀበና መስሎ ነበር

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ከመርካቶ ስመለስ አንዲት ተማሪ አስቆመችኝና «ሲስተር፣ ሰው በፍቅር ልቡ ይታመማል እንዴ?» አለችኝ። «አዎ» ብያት አለፍኩ። ማታ ግን የሄርማታ ሰፈሯ ሴትዮ ፊቴ ላይ ድቅን አለች።

ባሏ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ነው ከለቅሶ ቤት ደግፈው ወደምሠራበት ሕክምና ቤት ያመጧት። ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ናት። ደረቷን በቡጢዋ ተጭናለች፣ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። «ሐዘን ነው፣ አልቅሳ ይውጣላት» ተብላ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች። እንዲህ ካልነው አንዷ እኔ ነኝ። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) እንኳ አልተነሳችም። በማግስቱ ትንፋሽ አጥሯት፣ ጋደም ማለት አቅቷት መጣች። ኢሲጂው ሃርት አታክ ይመስላል፤ ሪፈር ተጽፎላት ስትመረመር ግን የልቧ ደም ሥሮች አልተዘጉም። የግራው ልቧ ታችኛው ጫፍ መኮማተር አቅቶት ተነፍቷል፣ ላዩ ጠቧል፤ ቁርጥ ጀበና። ጃፓኖች በ1990 እ.ኤ.አ. ሕመሙን ሲገልጹት ታኮሱቦ አሉት፤ ኦክቶፐስ የሚያጠምዱበት አንገተ ጠባብ ሸክላ ነው። ድንገተኛ ሐዘን አድሬናሊንን እንደ ጎርፍ ይለቀውና የልብን ጡንቻ ያደነዝዘዋል። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ይድናል፣ እሷም ድናለች። ያቺ ድንኳን ውስጥ ያደረችባት ሌሊት ግን ልትገድላት ትችል ነበር።

ደረት የሚጫን ሕመም፣ ላብ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ስሜት ካለ፣ ሐዘንተኛም ብትሆን በደረሰች በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ ትነሳ። ሐዘን ነው የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው።

ደግሞ ለተማሪዋ በደፈናው «አዎ» ማለቴም ትክክል አልነበረም። ታኮሱቦ በብዛት የሚይዘው የወር አበባቸው የቆመ ሴቶችን ነው። የእናንተን ልብ የሚያስመታው አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፍ ማጣት፣ ሦስት ስኒ ቡናና ጫት ነው፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንም የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ሌሊቱን «ኦንላይን ናት፣ አይታ አልመለሰችም» እያላችሁ ስልክ ላይ ታፈጣላችሁ። እርግጥ እኛም ፖስታ ቤት በር ላይ ደብዳቤ ስንጠብቅ ከዚህ አልተሻልንም።

ግፊት ስትለኩ 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳይጣመር፣ ክንድ ልብ ትይዩ። የመለኪያው ጨርቅ በሹራብ ላይ ከታሰረ፣ ሽንት ከያዛችሁ፣ እያወራችሁ ወይም እያለቀሳችሁ ከተለካ ቁጥሩ ያሳስታል። በተለያየ ቀን 140/90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ነው ወደ ሐኪም የሚያስኬደው።

ልብ ሲደልቅ 4 ሰከንድ ወደ ውስጥ፣ 6 ሰከንድ ወደ ውጭ፣ ለ5 ደቂቃ ተንፍሱ። ወደ ውጭ ሲተነፈስ የልብ ምት ይቀንሳል። ዳዊት የሚደግሙትም ዚክር የሚያደርጉትም ቀስ ብለው ሲያነበንቡ ትንፋሻቸው ይረዝማል፤ እርጋታው ከነፍስ ብቻ አይደለም፣ ከሥጋም ነው። ጠበሉም ዱዓውም ይሁን፣ ክኒን ግን አይቋረጥ። የልብ ምት የሚቀንሰውን ፕሮፕራኖሎል የሚባል ክኒን በአንድ ጊዜ የተወ ሰው ልቡ ካለፈው ብሶ ሊደልቅ ይችላል።

ያቺ ተማሪ ይህን ካነበበች ቤቴ መጥታ ትለካ። ከመምጣቷ በፊት ግን ለግማሽ ሰዓት ቡና አትጠጣ፤ ከለካናት በኋላ እኔው አፈላላታለሁ።