ሱቅ ልትከፍቱ ላሰባችሁ፦ የ2012ቱን የዱቤ ደብተር አስታውሱ

ሰላም ልጆቼ፣

ከሒሳብ ሥራ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ምክር ፍለጋ የሚመጣ ወጣት በዝቷል። የብዙዎቹ ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። «ትንሽ ብር አለችኝ፣ ሰፈር ውስጥ ሱቅ ብከፍት ያዋጣኛል?» ይሉኛል። ቀጥለው ስለ መደርደሪያ፣ ስለ ፍሪጅ፣ ስለ ኪራይ ያወራሉ። ስለ ዱቤ የሚጠይቀኝ ግን እምብዛም የለም። ሲነሳም «ዱቤ አልሰጥም፣ ግድግዳው ላይ ጽፌ እለጥፋለሁ» ይሉኛል።

እኔ ደግሞ የሰፈር ሱቅ ዋና ሥራው ዱቤ ነው ባይ ነኝ። ይህን በደንብ ያየሁት በኮሮና ጊዜ ነው።

ያኔ ልጅ የነበራችሁ ትኖራላችሁ፣ ላስታውሳችሁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው ሰው በቫይረሱ መያዙ ተነገረ። ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ። ታክሲ በግማሽ ሰው ይጫን ተባለ፣ ታሪፉ እጥፍ ሆነ። ደመወዝተኛው እንደምንም ወሩን ገፋ። ሊስትሮው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ የቀን ሠራተኛው ግን የዕለት ገቢያቸው ቆመ። ልብስ አጣቢዋን ማን ቤቱ ያስገባት? ሁሉም ተፈራርቷል።

ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ዝንጅብል መድኃኒት ነው ተብሎ ዋጋው ጣራ የነካውም ያን ሰሞን ነው። አጋጣሚውን ተጠቅመው ዋጋ የቆለሉ ነጋዴዎች ነበሩ፣ ሱቃቸው የታሸገባቸውም አሉ። ስለነሱ ብዙ አልልም። በአንድ ሳምንት ያገኙትን ትርፍ ደንበኛ አልረሳላቸውም፣ እኔም ሰፈሬ ውስጥ የት እንደማልገዛ አውቃለሁ።

የኛ ባለሱቅ ከስልጤ የመጣ ወጣት ነው። ዜናው በተሰማ በማግስቱ ሱቁ ፊት ገመድ ወጠረ። መሬቱ ላይ በኖራ ምልክት አደረገ፣ ሁለት ሁለት እርምጃ ተራርቀን እንድንቆም። ቧንቧ የተገጠመለት ጄሪካንና ሳሙና ውጭ አስቀመጠ። ሳንቲም በረኪና ያለበት ጣሳ ውስጥ እናስገባለን፣ መልሱንም ከዚያው እየለቀመ ይሰጠናል። «ለአንድ ሰው ከሁለት ሳሙና በላይ የለም» ብሎ ሲከለክል መኪና ያለው ጎረቤታችን ተቆጣ። እሱ ግን ፍንክች አላለም። ሰውየው መኪናውን አስነስቶ ሱፐርማርኬት መሄድ ይችላል፤ ከኋላው የቆመችው ሴትዮ የምትሄድበት የላትም።

የሰፈር ሱቅ ምን እንደሚሠራ ልብ በሉ። የጄሪካን ዘይት በሲኒ ይቸረችራል። ስኳር በሩብ ኪሎ፣ ቲማቲም በፍሬ ይሸጣል። «ሲደመር እኮ ከሱፐርማርኬት ይወደዳል» የሚል አለ። ይወደዳል፣ አልክድም። ግን አምስት ሊትር ዘይት በአንዴ የሚገዛበት ብር የሌለው ሰው ከሱፐርማርኬት ምን ያደርጋል? የዛሬን ዘይት ዛሬ ባገኘው ብር መግዛት መቻሉ ነው ጥቅሙ። ያቺ ብርም ስትጠፋ ደብተር አለ።

ደብተሩን አይቼዋለሁ፤ ጥግ ጥጉ በዘይት የወዛ ነበር። ስም የለውም ማለት ይቻላል። «ሰማያዊ በር፣ ሽሮ ግማሽ፣ ዳቦ 4»። «የመንታዎቹ እናት፣ ዘይት 1 ሲኒ»። «ረዳቱ፣ ሳሙና»። ሚያዝያ ላይ ገጾቹ ቶሎ ቶሎ ይሞሉ ጀመር።

እሱም ቢሆን ባለዕዳ ነው። ሰው አይቶ የማያየው ይህንን ነው። መርካቶ ያለው ጅምላ ሻጭ በፊት የሳምንት ጊዜ ይሰጠው ነበር፣ ያኔ ግን «እጅ በእጅ ካልሆነ አልሰጥም» አለው። ከታች የሚከፍል የለም፣ ከላይ የሚታገስ የለም። ብዙ ሱቅ የሚዘጋው እንዲህ ሲጨነቅ ነው።

እሱ ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ለስላሳ፣ ሲጋራ፣ ቅባትና ብስኩት በዱቤ መስጠት አቆመ። ዳቦ፣ ሽሮ፣ ዘይት፣ ሳሙና ቀጠለ። ሁለተኛው ይበልጥ አስገርሞኛል። ደመወዛችን ያልተቋረጠውን እየጠራ «የወሩን አስቤዛ ቀድማችሁ ብትከፍሉኝ እየወሰዳችሁ ትቆርጣላችሁ» አለን። እኔም ጡረታዬን እንደተቀበልኩ ከፈልኩ። ያቺ ብር ሄዳ ለሌላው ቤት ዱቄት ሆነች። ባንክ ቢሄድ ለዚህ ብድር የሚሰጠው አልነበረም።

ፋሲካ ሚያዝያ 11 ዋለ፣ ረመዳን 16 ላይ ገባ። በዚያ ሰሞን ደብተሩ ውስጥ የሰው ዕዳ ዘግተው ስማችን አይነሳ ያሉ ነበሩ። «ማዕድ ማጋራት» ተብሎ እህልና ዘይት ሲሰበሰብም ኮሚቴው የቸገረውን ሰው ለማወቅ ቤት ለቤት ይዞር ነበር። ደጅ ወጥቶ ተቸገርኩ የሚል ስንት ሰው አለ? ባለሱቁ ግን ማን ከግማሽ ኪሎ ወደ ሩብ እንደወረደ፣ ማን ሦስት ቀን ብቅ እንዳላለ ያውቃል። ከኮሚቴው አንዱን ወደ ጓዳ ጠርቶ በጆሮው ነገረው። ሰው ፊት ስም አልጠራም። ከደግነቱ ይልቅ ያደነቅኩለት ይህን ጥንቃቄውን ነው። የደንበኛን ገመና የማይሸፍን ሰው ሱቅ ባይከፍት ይሻለዋል።

አሁን ወደ እናንተ። ሁሉም አልከፈለውም። ሰፈር ለቆ የጠፋ አለ፣ «ነገ» እያለ የቀረ አለ። ይህን ደብቄ ዱቤ ስጡ ብላችሁ ሒሳብ ሳይሆን ተረት ማውራት ይሆንብኛል። ስለዚህ ከትርፋችሁ ላይ ለማይመለስ ዱቤ ትንሽ እየቀነሳችሁ አስቀምጡ። ለእያንዳንዱ ቤት ጣሪያ አብጁለት፣ ጣሪያው ላይ ሲደርስ በፈገግታ አቁሙ። ስትጽፉ ቀን ጻፉ፣ ደንበኛው እያየ ጻፉ። ማታ ሱቁን ሳትዘጉ ደምሩ። ዘመድ ከሆነ ደግሞ እጥፍ ጥንቃቄ አድርጉ። ወንድማችሁ ሲወስድ የማይጻፍ ከሆነ ሱቁ የእናንተ አይደለም፣ የቤተሰቡ ጓዳ ነው።

«አሁን እኮ ስልክ አለ» ትሉኛላችሁ። አለ፣ ተጠቀሙበት። ቴሌብር በ2013 መጣ፣ ከዚያም መላና እንደኪሴ የሚባሉ ብድሮች ተከተሉ። ስልኩ ብር ሲገባና ሲወጣ ያያል። የመንታዎቹ አባት ሥራ ማጣቱን፣ በሚቀጥለው ወር ግን ግንባታው እንደሚከፈት አያይም። ይህን የሚያውቀው መስኮቱ ጋር የቆመው ሰው ነው።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉልኝ። የመረጣችሁት ሰፈር ሄዳችሁ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ አንድ ሱቅ አጠገብ ቁሙ። ሰው ስንት ስንት እንደሚገዛ፣ ስንቱ «ጻፈው» ብሎ እንደሚሄድ ቁጠሩ። ከዚያ ቁጥሩን ይዛችሁ ኑ፣ ኪራዩን ይችላል አይችልም አብረን እናሰላለን። ቅዳሜ ጠዋት ቤት አለሁ።