ያን ማታ እጄን ባነሳ ኖሮ

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት ልጅ ጠጋ አለችኝ። 26 ዓመቷ ነው። እዚሁ ሜሪላንድ ተወልዳ ያደገች ናት፣ አማርኛዋ ግን ጥርት ያለ ነው። "ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት" አለችኝ። ሰፈሯ ያለ የልጆች ኦርኬስትራ የቦርድ አባል ሁኚልን ብሏታል። ክፍያ የለውም። በወር አንድ ማታ ስብሰባ ነው፣ በዓመት ሁለት ኮንሰርት። "እኔ ሙዚቃ አላውቅም፤ ቫዮሊንና ቪዮላ እንኳ አልለይም። ገብቼ ዝም ብዬ ብቀመጥ ችግር አለው?"

የሆነውን ያልሆነውን መልሼላት ተለያየን። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔ አንዴ ገብቼ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለእሷም፣ እንደ እሷ ለተጠየቃችሁ ሁሉም ነው።

የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። በ2007 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) አለቃዬ "አንድ ቦርድ ውስጥ ግባ፣ ለእድገት ይጠቅምሃል" አለኝና አንድ አነስተኛ የወጣቶች ኦርኬስትራ ውስጥ ገባሁ። ዘጠና የሚሆኑ ልጆች ነበሩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በኪራይ የትምህርት ቤት አዳራሽ ይለማመዳሉ። ቦርዱ ዘጠኝ ሰው ነው፤ ጠበቃ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት፣ የጥርስ ሐኪም፣ ሁለት ወላጆች፣ ሌሎችም። ሂሳብ ስለማውቅ በሁለተኛው ስብሰባ ገንዘብ ያዥ አደረጉኝ።

ገንዘብ ያዥ የሚለው ቃል ለእኔ ቀላል ቃል አይደለም። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጉለሌ የሰፈራችን እድር ገንዘብ ያዥ ነበር። ሣጥኑ እኛ ቤት ያድራል፣ ቁልፉ ግን ጸሐፊው ጋ ነው። በየወሩ ስብሰባ ላይ መነጽሩን አድርጎ የገባውን፣ የወጣውን፣ የቀረውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። አንድ ጊዜ አንድ ጎረቤት "15 ብር ጎድሏል" ብሎ ተነሳ። አባቴ አልተቆጣም። ገንዘቡን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈና "ራስህ ቁጠር" አለው። ሰውዬው ሁለቴ ቆጠረ። ልክ ነበር። አባቴ ሰውዬውን አመስግኖት ተቀመጠ። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ለምን እንዳመሰገነው አልገባኝም።

በ2008 መጨረሻ ኢኮኖሚው ሲናጋ ለጋሾቻችን እጃቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ በፊት ግን አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት፣ ባለቤታቸው ሲሞቱባቸው፣ ለመታሰቢያ 20,000 ዶላር ሰጥተውን ነበር። ከቼኩ ጋር በእጅ የተጻፈች አጭር ደብዳቤ አለች። ገንዘቡ አቅም ለሌላቸው ልጆች የሙዚቃ መሣሪያ መግዣና ማስጠገኛ ብቻ ይሁን ትላለች። ደብዳቤዋን ፋይል ያደረግኳት እኔ ነኝ።

በ2009 መስከረም አንድ ማታ፣ ልጆቼ ከተኙ በኋላ፣ የባንኩን ስቴትመንት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ከስጦታው ላይ ለመሣሪያ የወጣው 3,400 ዶላር ብቻ ነው። ስለዚህ 16,600 መኖር አለበት። ባንክ ያለው ግን ሁሉም ተደማምሮ 9,200 ነው። ሁለቴ ደመርኩ፣ ሦስቴ ደመርኩ። ሥራ አስኪያጇ የአዳራሽ ኪራይና የአስተማሪዎች ክፍያ ከፍላበታለች። አልሰረቀችም፤ ይህን በደንብ ያዙልኝ። የኦርኬስትራው በር እንዳይዘጋ ያደረገችው ነው፣ ሲገኝ እተካዋለሁ ብላ። ብቻ ገንዘቡ የእሷም የእኛም አልነበረም።

ስብሰባው በሳምንቱ ነበር። የእኔ ሪፖርት አጀንዳው ላይ ሦስተኛ ነው። ወረቀቴ ላይ ቁጥሩን በቀይ እስክሪብቶ አክብቤዋለሁ። ሰብሳቢያችን ደግ ሰው ነበሩ፤ አንድ ቀን መኪናዬ በረዶ ውስጥ ተይዛ ከቤታቸው ድረስ መጥተው ያወጡልኝ ሰው ናቸው። ሥራ አስኪያጇ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፣ ዓይኗ ቀልቷል፣ ሦስት ሳምንት እንዳልተኛች ያስታውቃል። እኔ ደግሞ በዚያ ክፍል ውስጥ ብቸኛው ከውጭ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ እንግሊዝኛዬ ሲጨንቀኝ ይያዛል። ይሉኝታ ያዘኝ። እሷን በሰው ፊት ማዋረድ መሰለኝ። "ትንሽ የገንዘብ መጣበብ አለ፣ እስከ ፀደይ ይስተካከላል" አልኩና ወረቀቱን አጠፍኩት። "ጥያቄ ያለው?" አሉ ሰብሳቢው። ማንም የለም። ቃለ ጉባኤው ላይ የገንዘብ ያዡ ሪፖርት ያለ ጥያቄ ጸደቀ ተብሎ ተጻፈ። አራት ደቂቃ አልፈጀም።

በዚያ ኦርኬስትራ ውስጥ አንድ ብቻ የሐበሻ ልጅ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ቼሎ ይጫወታል፤ ተቀምጠው በጉልበት መካከል ይዘው በቀስት የሚጫወቱት ትልቅ ባለ ገመድ መሣሪያ ነው። እናቱ ቀን መኪና ማቆሚያ ትሠራለች፣ ማታ ቢሮ ታጸዳለች። መጀመሪያ ያየችኝ ቀን "ወንድሜ፣ እርስዎም እዚህ ነዎት?" ብላ እንደ ዘመድ ነው የሳመችኝ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ሲመቸኝ ጎራ እያልኩ ልጁን "በርታ" እለው ነበር። ቼሎው የእኛ ነው፣ በውሰት የሰጠነው፣ ሦስት አራተኛ የሚባለው መጠን። ልጆች ሲያድጉ መሣሪያው ያንሳቸዋል፣ ልክ እንደ ጫማ። በዚያ ክረምት ልጁ ተመዘዘ፤ ክንዱ ከቼሎው አለፈ፣ ጉልበቱ አላስቀምጥ አለው። አስተማሪው ሙሉ መጠን ያስፈልገዋል አለ። መጋዘናችን ውስጥ ሙሉ መጠን የለም። መግዣውም የለም።

መጋቢት ውስጥ አንድ ቅዳሜ እናትየው ቼሎውን ልትመልስ መጣች። የሽፋኑ ዚፕ ስለተበላሸ አንገቱን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልላ በመቀነት አስራዋለች። እንደ ሕፃን አቅፋ ነው ያስገባችው። ጋቢውን ስትፈታ ከቀስቱ ገመዶቹ ስር የሚረግፈው ነጭ የሙጫ ብናኝ ተጠርጎ፣ እንጨቱ ተወልውሎ ያበራል። "ትልቁ ሲመጣ ይደውሉልናል አይደል?" አለችኝ። ገንዘቡ የት እንደሄደ በዚያ ክፍል ውስጥ የማውቀው እኔ ነኝ። "አዎ፣ እንደውላለን" አልኳት።

አልደወልንም። በዓመቱ ኦዲተሩ ነገሩን አገኘው፣ ቦርዱ ተደናገጠ፣ በ2011 ገንዘቡ ተተካ፣ ሁለት ቼሎም ተገዛ። ልጁ ግን ያኔ አሥራ አራት ሞልቶት ነበር፣ እጁ ቼሎ ሳይነካ ብዙ ወራት አልፈዋል። እናቱን ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራ ስገዛ አገኘኋት። ልጇ ኮሌጅ መግባቱን ነገረችኝ። ከዚያ እጄን ያዘችና "እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄን ያበረታቱልኝ ነበር" አለችኝ። እንጀራውን ይዤ መኪና ውስጥ ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ።

እንግዲህ በሰዓቱ ድረሱ፣ የሚላክላችሁን ወረቀት አንብቡ የሚለውን አልጽፍላችሁም። ያን ታውቁታላችሁ። ሙዚቃ አለማወቃችሁም አያሳስባችሁ። ቦርድ ልጆቹ ምን እንደሚጫወቱ አይወስንም፤ ያ የኮንዳክተሩ ሥራ ነው። ቬንዙዌላ ውስጥ በ1975 ያንን ትልቅ የልጆች ኦርኬስትራ ንቅናቄ የጀመሩት ሆሴ አንቶኒዮ አብሬው ሙዚቀኛ ብቻ ሳይሆኑ የምጣኔ ሀብት ምሁርም ነበሩ፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። የእኛኑ አርባ ልጆች አስቡ። ራስ ተፈሪ በ1924 ኢየሩሳሌም ላይ ሰምተዋቸው አዲስ አበባ ያስመጧቸው የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች። ሁላችንም የምናነሳው መሪያቸውን ኬቮርክ ናልባንዲያንን ነው። እኔ ግን ስለ እነሱ ሳስብ ቀለባቸውን፣ መኝታቸውን፣ የመለከታቸውን ማስጠገኛ መዝገብ ላይ ያሰፈረው ሰው ነው የሚታየኝ።

ማየት ያለባችሁ አንድ ነገር ይህ ነው። ለጋሽ "ለዚህ ብቻ" ብሎ የሰጠውንና ገና ያልወጣውን ገንዘብ ደምሩ። ከዚያ ባንክ ያለውን እዩ። ባንኩ ካነሰ ገንዘቡ ተበልቷል፣ ማንም ምንም ቢላችሁ። አሜሪካ ያላችሁ ከመግባታችሁ በፊት የድርጅቱን ፎርም 990 ፈልጉ፤ በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ የሚያስገባው ሪፖርት ነው፣ ለሕዝብም ክፍት ነው። ድርጅቱ ሦስት ዓመት በተከታታይ ሳያስገባ ከቀረ ከግብር ነፃ የመሆን መብቱ በራሱ ይሰረዛል። በ1997 የወጣ በጎ ፈቃደኞችን ከክስ የሚጠብቅ ሕግም አለ፣ ከባድ ቸልተኝነትን ግን አይሸፍንም። አገር ቤት ያላችሁ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ን (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) አንብቡ፤ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፣ እና ይህን ቁጥር ስብሰባ ላይ ስንት ደረሰ ብሎ መጠየቅ ያለበት የቦርድ አባል ነው።

ስለ እናንተ ስለ ወጣቶቹ አንድ የማይመቸኝ ነገር አለ። ገና በተመረጣችሁ ማግስት ሊንክድኢን ላይ ፎቶ ትለጥፋላችሁ፣ በስድስተኛው ወር ጠፋችሁ። ለሲቪ ብላችሁ አትግቡ። እኔም ለእድገት ብዬ እንደገባሁ ከላይ ጽፌያለሁ፤ ቢሆንም አትግቡ እላለሁ። በሌላ በኩል እናንተ እኛን ያሰረን ይሉኝታ የላችሁም። ድሮ ይህን እንደ ነውር ነበር የማየው። ልጄ እራት ላይ "አባዬ፣ ይህ ቁጥር ልክ አይደለም" ስትለኝ እቆጣ ነበር። አሁን ያን አፍ ይዛችሁ ስብሰባ ግቡ እላለሁ። ብቻ ከስብሰባው በፊት ለሥራ አስኪያጁ ደውሉ። ሰው በድንገት በሰው ፊት ሲያዝ ይዋሻል። ያን መስከረም ለዚያች ሴት አንድ ቀን ቀድሜ ደውዬላት ቢሆን አብረን ለቦርዱ እናቀርበው ነበር፣ ለለጋሿም ደብዳቤ ጽፈን እንዲፈቅዱልን እንለምን ነበር። ምናልባት ይፈቅዱልን ነበር። ምናልባትም ኪራዩን ራሳቸው ይከፍሉልን ነበር።

ልጅቷን ትናንት ደወልኩላት። ግቢ አልኳት። የመጀመሪያ ስብሰባዋ ማክሰኞ ማታ ነው። ያለፈውን ዓመት ኦዲት፣ የዘንድሮውን በጀትና የባንኩን የመጨረሻ ስቴትመንት አስቀድማ እንድትጠይቅ ነገርኳት። "ካልሰጡኝስ?" አለች። ስብሰባው እንዳለቀ ደውይልኝ ብያታለሁ። ስንት ሰዓትም ቢሆን ስልኬን አልዘጋም።