መልስ፦ ቢሮ ስገባ ጸሎቴ ቀዘቀዘ ላልከው

ወንድሜ፣ «ባልደረቦቼ እምነትን እንደ ኋላቀርነት ያዩታል፤ ጸሎቴም ቀዘቀዘ» ብለሃል። እኔም ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ተቀጥሬ ስሠራ እንዲሁ ነበርኩ። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ወጥቼ ስለቴን አግብቼ ስመለስ የዓመቱን ጸሎት የጨረስኩ ይመስለኝ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ግን በቀን 7 የጸሎት ጊዜያት አሏት። ሁሉንም ያዝ አልልህም፤ እኔም አልቻልኩም። የያዝኩት ቀትርን ብቻ ነው፣ ጌታ የተሰቀለበትን ሰዓት። የድሬ ሙቀት ሰውን ሁሉ ወደ ጥላ ሲሰበስብ፣ ኮምፒውተሬን ዘግቼ ግቢው ውስጥ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር አባታችን ሆይን ቀስ ብዬ እደግማለሁ። ማንም አያውቅብኝም።

ከባልደረቦችህ ጋር መከራከሩን ተወው። ይልቅ የሚያሾፍብህን ሰው በጸሎትህ በስሙ አስበው። እኔን ያስቸገረኝ ይህ ነው፤ የአንዱን ስም ለመጥራት ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል።