ሽልማቱን በስልክ «መልስ» አሉት

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ በፌስቡክ ብዙ ተከታይ ያለው አክቲቪስት ነው። ለጎርፍ ተጎጂዎች ብርድ ልብስ ሲያሰባስብ በመክረሙ አንድ መሥሪያ ቤት ሜዳሊያና የምስክር ወረቀት ሸለመው። ሰሞኑን የአንድ ብሔር ሰዎችን የሰደበባቸው የቆዩ ጽሑፎቹ በስክሪንሾት ቴሌግራም ላይ ዞሩና ደውለው «ሽልማቱን መልስ» አሉት። መልካም ሥራው በስድብ ይሰረዛል እንዴ? ይታሰር ይሆን?
እህቱ፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ እህታችን፣ ጭንቀትሽ ይገባናል። ያ ብርድ ልብስ ዛሬም ሰው ለብሶት ያድራል፣ ማንም አይሰርዘውም። ሜዳሊያ ግን መንግሥት በሕዝብ ፊት «እንደሱ ሁኑ» ብሎ የሚሰጠው ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ግቢ በሚነገርበት ድሬ ወንድምሽ የሰደበው ጎረቤቱን ነው፤ የተሰደበችው እናት ሲሸለም ስታየው ምን ትበል? ስለዚህ መነጠቁ በራሱ ልክ ነው እላለሁ።

በስልክ ግን አይሆንም አቦ! እንግሊዝ አገር የሂንዱ ማኅበረሰብ መሪው አኒል ብሃኖት እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ ባንግላዲሽ ትዊተር ላይ በጻፉት «ፀረ እስልምና ነው» የሚል አቤቱታ ቀርቦባቸው (እሳቸው አይቀበሉትም) እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ኒሻናቸውን አጥተዋል። እዚያ ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ ነው፤ ባለጉዳዩ መከላከያውን በጽሑፍ ያቀርባል፣ የውሳኔ ሐሳቡ በጠቅላይ ሚኒስትሩ በኩል ለንጉሡ ይደርሳል፣ መሰረዙም በመንግሥት ጋዜጣ ይወጣል። ውሳኔውን ወደድነውም ጠላነውም የሰውየው መከላከያ ሳይሰማ አልተፈረደበትም። የወንድምሽን ግን ማን ወሰነ? በየትኛው ደንብ?

እስሩ ሌላ ጉዳይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስከትላል፤ በንግግሩ ሳቢያ ጥቃት ከደረሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት። አዋጁ የወጣው መጋቢት 2012 ስለሆነ፣ የወንጀል ሕግም ወደኋላ ተመልሶ ስለማይሠራ ጽሑፎቹ የተለጠፉበትን ቀን እዩ። ተራ ስድብ ሁሉም የጥላቻ ንግግር አይደለም፣ ግን ጠበቃ ይየው።

ወንድምሽ መጀመሪያ ጽሑፎቹን ያጥፋ፣ በዚያው ገጹ ላይም «ተከፍታችሁ ከሆነ» ሳይል፣ የሰደባቸውን ሰዎች በግልጽ ጠርቶ ይቅርታ ይጠይቅ። ይሄ ለሜዳሊያው ብሎ የሚደረግ አይደለም፣ ለሰዎቹ ያለበት ዕዳ ነው። ከዚያ ለመሥሪያ ቤቱ ማመልከቻ አስገብቶ ምክንያቱን በደብዳቤ ይጠይቅ፣ ግልባጩን ማኅተም አስመትቶ ይያዝ። ዝም ካሉት የእንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታውን ይቀበላል።