«ሰው ፊት አፉን አይከፍትም»

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። የ7 ዓመት ልጄ ከእህቱ ጋር ሲሆን ወሬው አያልቅም፤ እንግዳ ሲገባ ግን የነጠላዬን ጫፍ ይዞ ከኋላዬ ይደበቃል። አባቱ «አፍ የለህም ወይ?» እያለ ይቆጣዋል፤ እኔም ዘመድ እንዳይታዘበን ስለምሰጋ «አፋር ነው፣ ይቅር በሉት» እላለሁ። እኔ ራሴ «ሴት ልጅ ሰው ፊት አትናገርም» እየተባልሁ ስላደግሁ፣ እስከ ዛሬ በዕድር ስብሰባ ሐሳቤን መናገር ያቅተኛል። ልጄም እንደኔ እንዳይሆን ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህታችን፣ ከጻፉልን ሁሉ ትልቁ ነገር ልጅዎ ቤት ውስጥ ወሬው የማያልቅ መሆኑ ነው። አሌክሳንደር ቶማስና ስቴላ ቼስ የተባሉ ባልና ሚስት የአእምሮ ሐኪሞች፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1956 ጀምሮ በኒውዮርክ ሕፃናትን ለረጅም ዓመታት ሲከታተሉ፣ ከ100 ልጆች 15 ያህሉ ከአዲስ ሰውና ከአዲስ ነገር ጋር ቀስ ብለው የሚላመዱ ሆነው አግኝተዋቸዋል። እንዲህ ያለው ልጅ ሳይጣደፍ ደጋግሞ ሲያየው ይለምዳል፤ ሲገፉት ግን መሸሹ ይብስበታል። በዋሸራም ሆነ በሌሎች የጎጃም ቅኔ ቤቶች ተማሪው ሁለት ስንኝ ብቻ ያላትን አጭር ቅኔ፣ ጉባኤ ቃናን፣ ለመድረስ እንኳ ለብቻው ዘወር ብሎ ያስባል፤ ለመምህሩ የሚነግረው ከዚያ በኋላ ነው፣ ዝም ያለበትንም ሰዓት ማንም እንደ ጉድለት አይቆጥርበትም።

ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ «አፋር ነው» ማለቱን ይተዉት፤ ልጁ ይሰማል፣ ደጋግሞ የሰማውንም ስሙ አድርጎ ይይዘዋል። «ሲለምድዎ ያጫውትዎታል» ቢሉ ይበቃል። ቡና ሲፈላ ከእህቱ ጋር ቆሎውን ይዞ ይዙር፤ እጁ ሥራ ሲይዝ ዓይኑም ከመሬት ይነሣል። ባለቤትዎ የሚቆጡት ልጃቸው እንዳይናቅ ሰግተው ይመስለኛልና፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይህንኑ በእርጋታ ያዋዩአቸው።

ስለ እርስዎ የጻፉት ግን ከሁሉ በላይ ልቤን ነክቶታል። ልጅዎ ከኋላዎ ሲደበቅ የሚይዝዎት ሐፍረት ልጁ ከመወለዱ በፊት የነበረ፣ ከልጅነትዎ ጀምሮ የተሸከሙት ነው፤ እርሱን እያስገደዱም አያወርዱትም። በሚቀጥለው ዕድር አንዲት አጭር ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፤ ድምፅዎ ቢንቀጠቀጥም ምንም አይደለም። ማታ እራት ላይ «ዛሬ ፈራሁ፣ ግን ተናገርሁ» ብለው ልጆቹ እየሰሙ ያውሩት፤ ፍርሃትና ንግግር አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ልጅዎ ከእናቱ አፍ ቢሰማው ከማንኛውም ምክር ይልቅ ይጠቅመዋል።

አንድ ነገር ግን አስተማሪውን ይጠይቁልኝ። ትምህርት ከተጀመረ የመጀመሪያው ወር ካለፈ በኋላም በክፍል ውስጥ ከአንድ ወር በላይ ጨርሶ የማይናገር ከሆነ፣ ይህ ከዓይን አፋርነት የተለየና ሕክምና ያለው ችግር ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ለሐኪም ያሳዩት።